ከሁሉ በታች ይግባ የተባለው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ። ግንበኛ ነው። አገሩ የት ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ዝናብ በዓመት አንዴ መጥቶ የሚሄድበት፣ ወንዙ ከሁለት ወር በላይ የማይቆይበት አገር ነው፣ በቃ።

ስመኝ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ለተማሪዎቼ ታሪክን ከየት ልጀምርላቸው? መጽሐፉ የሚጀምረው ከነገሥታቱ ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩትን ባነሳ ነገሥታቱን ማሳነስ አይሆንብኝም ወይ?» ነው ያልሽኝ። እመጣበታለሁ። እስከዚያው ግን ስሚኝ። መሐል ላይ እጅ ማውጣት የለም፤ የእኔን ክፍል ታውቂዋለሽ።

የዚያ አገር ሰው ውሃ የሚያገኘው ከአንድ ክትር ነበር። በሁለት ኮረብታ መሐል ጎርፉን አግዶ የሚያቆም ረጅም የድንጋይ ግንብ ነው። ከግንቡ ኋላ የሚጠራቀመውን ውሃ ሰውም ከብትም ማሳም ዓመቱን ሙሉ ይጠጣዋል። ክትሩ ከተጣሰ ሌላ ውሃ የለም፤ ጓዝን ጠቅልሎ መሰደድ ነው። ግንቡ ደግሞ ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጋግዞ የቆመ ነው። በውስጥ በኩል ብቻ መረሬ አፈር ይለሰንበታል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል።

ግንበኛው የዚህ ክትር ጠባቂ ነው። አባቱም ጠባቂ ነበር፣ አያቱም ጠባቂ ነበር። ዕድሜው ሃምሳ አልፏል፣ ጉልበቱ ግን ገና ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ በአንድ ነገር ብቻ አፉ አያርፍም። «ይህን ክትር የጀመረው የእኔ ቤት ነው። ከሁሉ በታች ያለው ድንጋይ የእኛ ነው» ይላል። ሠርግ ላይ ይላል፣ ለቅሶ ላይ ይላል፣ ጠላ የቀመሰ ቀንማ ተይው። ሚስቱ ይህን ወሬ ሰምታ ሰምታ ጆሮዋ ደንዝዟል። «ወርደህ አይተኸዋል?» ትለዋለች። «አባቴ ነግሮኛል» ይላታል። «አባትህስ ወርዶ አይቶታል?» ስትለው ዘወር ብሎ መዶሻውን ይፈልጋል።

አሁን ሥርዓታቸውን ልንገርሽ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በዚያ አገር አባት ሞቶ ልጅ ሲተካ፣ ልጁ ከማሳው አንድ ድንጋይ ይጠርባል፣ የቤቱን ምልክት ይቀርጽበታል፣ ተሸክሞ ይመጣና በአባቱ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ ነው ባለቤት የሚባለው፤ የውሃ ተራም የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ቤት በግንቡ ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ አያት ከታች፣ አባት ከላይ፣ ልጅ ከዚያ በላይ። ለደንብ ያህል ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርጉት። ጎርፉ በየዓመቱ ደለል ይዞ ስለሚመጣ የኩሬው ወለል ከፍ ይላል። ግንቡም አብሮ ካላደገ ውሃው በላዩ ዘሎ ይሄዳል።

ሁለተኛ ሥርዓት አለ። ግንቡ ሲጠገን ከቦታው የወጣ ድንጋይ መሬት አይነካም። የድንጋዩ ቤተሰብ ተጠርቶ ይመጣል፣ ድንጋዩን ይቀበላል፣ ወደ ቦታው እስኪመለስ ታቅፎ ይቆማል። መሬት ካስቀመጠው ያ ቤት ለዓመቱ የውሃ ተራውን ያጣል። ቤቱ ጠፍቶ፣ ዘሩ አልቆ የሚቀበል ሰው የሌለ እንደሆነ ደግሞ ድንጋዩን የሚታቀፈው ይውጣ ብሎ ያዘዘው ሰው ነው። ይኸኛው ግን ሲደርስ ያየ ማንም አልነበረም፤ እንዲሁ በአፍ የሚነገር ነው። ትስቂያለሽ አይደል? እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሥቄአለሁ። በኋላ ሳስበው ግን ብልሆች ናቸው። ድንጋይ ታቅፎ የቆመ ሰው ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ግንብ ተከፍቶ ያደረበት አንድም ቀን የለም።

ይህን አገር የሚገዛ ጌታ ነበር። አባቱ ከወንዙ ማዶ በፈረስ መጥቶ አገሩን በጦር የያዘ ሰው ነው። አባትየው ሃያ ስምንት ዓመት ገዝቶ ሞተ፣ ልጁ ተተካ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ፍርዱ ደህና ነው፣ እጁም አይሰስትም። አንድ ቁስል ግን ነበረበት። በገበያ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳዋል፤ ዘወር ሲል ግን «የማዶው ሰውዬ ልጅ» ይሉታል። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አድጎ፣ የማዶው! ይህ አንጀቱን ይበላው ነበር።

ከጎኑ ደግሞ አንድ ጸሐፊ ነበረ፤ ጌታው መስማት የሚወደውን ጌታው ራሱ ከማወቁ በፊት የሚያውቅ ዓይነት ሰው። «ጌታዬ፣ አባትዎ ሳይመጡ ይህ አገር ምን ነበር? የአውሬ መፈንጫ! ማረሱንም፣ መገንባቱንም፣ መጻፉንም ያመጣው የእርስዎ ቤት ነው። ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቀው በድንጋይ እናስቀርጸው እንጂ» አለው። እንዲያ የሚለው ጸሐፊ ጠዋት ፊቱን የታጠበው በክትሩ ውሃ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ።

ጌታው ደስ አለው። ረጅም ነጭ ድንጋይ አስጠረበና «ይህን ክትር የመሠረተ የእኔ ቤት ነው» ብሎ አስጻፈበት። ከዚያ ግንበኛውን አስጠራው።

«ይህ ድንጋይ የክትሩ መሐል ላይ እንዲገባ ነው የምፈልገው» አለው።

«እሺ ጌታዬ። ከላይ ቦታ አለ» አለ ግንበኛው።

«ከላይ ማን አለህ? ከሁሉ በታች ነው። የመሠረተ ይላል እኮ ጽሑፉ፤ መሠረት ከላይ ይሆናል እንዴ?»

ግንበኛው እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ይማሩኝና፣ ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው። ከታች ለማስገባት ከላይ ያለው ሁሉ መነሳት አለበት። ግንቡ ተከፍቶ ጎርፍ ከደረሰብን ክትሩ እንዳለ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው ከዝናቡ በፊት ጨርሰዋ! አልችልም ካልክም ቤትህን ነቅለህ ከአገሬ ውጣ። የሚችል ሰው አመጣለሁ።»

ጭንቁ ታየሽ? እምቢ ቢል እሱ ይባረራል፣ ድንጋዩን ድንጋይ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው መጥቶ ክትሩን ያፈርሰዋል። እሺ ቢል ደግሞ በገዛ እጁ ሊያፈርሰው ነው። እውነቱን ልንገርሽና፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ያንገበገበው ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ በታች ያለው የእሱ ቤት ድንጋይ ተነሥቶ የዚህ ትናንት የመጣ ሰውዬ ድንጋይ ሊገባበት!

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በሩ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። «ምን ሆነሃል? ፊትህ የሰው ፊት አይመስልም» አለችው። የሆነውን ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እኔ እኮ ያሰብኩት... ከውጭ በኩል ከሥሩ ትንሽ ፈልፈል አድርጌ፣ ነጩን ድንጋይ ለጠፍ ላድርገውና ገባልዎ ልበለው ነው» አላት።

እንዝርቷን አስቀመጠች። «ውሸት ልትለስን? አንተ? ግንብ ላይ ስንጥቅ ካየህ እህል የማይወርድልህ ሰውዬ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ንገሪኛ!»

«እሺ በለው።»

«እብድ ሆንሽ?»

«እሺ በለው አልኩህ። ግን እንደ ሥርዓቱ አድርገው። ከላይ ጀምረህ፣ አንድ በአንድ፣ ባለቤቱን እየጠራህ። ያዘዘውም ሰው ቆሞ ይይ። ከአባቱ ጀምሮ እኛን ሲገዙን አንድ ቀን ክትሩን ቀርበው አይተውት ያውቃሉ?»

ግንበኛው ትክ ብሎ አያትና ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ቀኑ ተቆረጠ። ማለዳ አገሬው ሁሉ ክትሩ ጋ ወጣ። ጌታው በጥላ ሥር ወንበር ተዘርግቶለት ተቀመጠ፤ ጸሐፊው በስተቀኙ፣ ወታደሮቹ በስተኋላው። ነጩ ድንጋይ በአራት ሰው ሸክም መጥቶ ከጎን ተጋደመ። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ሥርዓቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለጌታው ነገረው፤ ቤቱ የጠፋ ድንጋይ ምን እንደሚሆንም ነገረው። ጌታው እጁን አወናጨፈ። «ይሁን፣ ይሁን። ጀምር።»

ጌታው የመረጠው ቦታ የአንድ ሰው ሁለት ክንድ ሲዘረጋ የሚያህል ስፋት ነበረው፤ አራት ቤቶች ድንጋያቸውን የሚደራርቡበት ነው። አንደኛው የግንበኛው የራሱ ቤት ነበር። ግንበኛው ወጣ፣ የመጀመሪያውን ድንጋይ በመሮ ነቀነቀ፣ አነሣ፣ ምልክቱን አየ፣ ተጣራ። ባለቤቱ መጣ፣ ተቀበለ፣ ታቅፎ ቆመ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከዚያ የአባቶች ረድፍ ሆነ፤ የሰዎቹ እጅ ሙሉ ስለሆነ ሚስቶቻቸው መጡ። የአያቶች ረድፍ ሲሆን ልጆቻቸው መጡ። ከዚያ ወንድምና እኅት፣ ከዚያ አማች፣ ከዚያ አበልጅ ሳይቀር ተጠራ። ማን የማን ወገን እንደሆነ የረሳ ሁሉ በዚያ ቀን ሳይወድ በግዱ አስታወሰ።

ከአራቱ ቤት የአንደኛው ባለቤት አሮጊት ናት፤ ማሳዋ ከሁሉ በታች፣ ውሃ ደርሶት በማያውቅ ጥግ ላይ ነው። የባሏን ድንጋይ ተቀብላ ከጌታው ወንበር አጠገብ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች፤ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አጋደመችው። «አቤት! በሕይወትህም ሳለህ እንዲሁ ነበር የምትከብደኝ» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጌታውም ከንፈሩን ነክሶ ዞር አለ፤ ሣቁ አምልጦት ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ማንም አላጉረመረመም፣ ማንም እምቢ አላለም፤ ብቻ የሚያርስ የለ፣ ከብት የሚያግድ የለ፣ አገር በሙሉ ድንጋይ ታቅፎ ቆሟል። ግንበኛው ከላይ ወደ ታች በቆፈረው ጠባብ ቦታ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቷል። በስተኋላው ያለው ደለል እንዳይናድበት ግንድ ወጥሮበታል። የራሱን ቤት ድንጋይ ሲያነሣ ስሙንም ይጠራል፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን። ሦስት ጭረት ነው የቤታቸው ምልክት። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የሚያውቀው ስም አለቀ። ቢሆንም ሦስቱ ጭረት እስካለ ድረስ ምን ቸገረው? ደስ ብሎት ስምንተኛውን ነቀነቀ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ጣቱን አስኬደበት።

ክብ ነው። ክብ፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው።

ሌሎቹን ሦስቱንም ዳሰሰ። አንዳቸውም እሱ የሚያውቀው ምልክት የለባቸውም። አንዱ ላይ ምልክት ጭራሽ የለም፤ አንዱ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጭረቶች ተሰልፈው ተቀርጸዋል። እጁን ከሥር ሰደደ፤ ድንጋይ አለ። እስከ ብብቱ ሰደደው፤ አሁንም ድንጋይ አለ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው! ለካ የእሱ ቤት ሰባት ድንጋይ ብቻ ኖሯል።

እዚህ ጋ ልብ በይልኝ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። ምልክቱን ያየ ሌላ ሰው የለም። መሮው እጁ ላይ ነው፤ ሦስት ጭረት ለመጫር አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። «የእኔ ቤት!» ብሎ ቢያወጣው ማን ይጠይቀዋል? ጌታው ያፍራል፣ ጸሐፊው አፉን ይይዛል፣ እሱም እንደ ልቡ ሲያወራ ይኖራል። መሮውን ድንጋዩ ላይ አሳረፈው እኮ! ቀና ሲል ሚስቱን አያት። የእሱን የራሱን ድንጋይ ታቅፋ፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከላይ እያየችው ነበር።

መሮውን ወረወረው። «ጌታዬ!» ብሎ ጮኸ። «ይህ የእኔ ቤት አይደለም።»

«ምን አልክ?»

«የእኔ ቤት እዚህ ላይ አለቀ። የአራታችንም አለቀ። ከዚህ በታች ያሉትን አላውቃቸውም። እኛም የተቀመጥነው በሌላ ሰው ድንጋይ ላይ ነው።»

ጌታው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀረበ፤ ጎንበስ ብሎ አየው። «እንግዲያው አንተም መጤ ነህ በለኛ!»

«እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ጌታዬ» አለ ግንበኛው፣ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ደፍቶ።

መጀመሪያ የሳቀችው ሚስቱ ናት። ከዚያ አሮጊቷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። ድንጋይ ታቅፎ መሳቅ ከባድ ነው፤ ሆድ ይዞ መሳቅ አይቻልማ። ጌታውም ሳቀ። አባቱ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሲሥቅ ያየው ሰው አልነበረም።

«ታዲያ እነዚህን ማን ይታቀፋቸው?» አለ ግንበኛው ዝግ ብሎ።

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ጸሐፊው ደነገጠ፤ «ጌታዬ፣ ይህማ ለእርስዎ ክብር...» ብሎ ሲጀምር ጌታው አቋረጠው። «ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ና፣ አንተም ተቀበል። በድንጋይ እናስቀርጸው ያልከው አንተ አይደለህ?» ስለዚህ አንዱን ጸሐፊው ተቀበለ፣ ሁለቱን ወታደሮች ተቀበሉ፣ አራተኛውን ጌታው ራሱ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ለጸሐፊው የደረሰው ያ ጭረቶች የተሰለፉበት ነው። ታቅፎ ሲያየው ዐይኑ ፈጠጠ። ጽሕፈት ነው። እሱ የማያነበው ጽሕፈት። አገላብጦ አየው፣ ከግራ ሞከረ፣ ከቀኝ ሞከረ፤ አልሆነም። እዚህ አገር መጻፍን ያመጣነው እኛ ነን ያለው ሰው እዚያው ቆሞ ማንበብ አቃተው። ላቡን የሚጠርግበት እጅ እንኳን አልነበረውም፣ ምስኪን።

ለጌታው የደረሰው ደግሞ የእህል ወፍጮ ነው። የተሰበረ፣ መሐሉ ከመፈጨት ብዛት እንደ ሳህን የጎደጎደ። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ፈጭታበት፣ ሲሰበር ቤተሰቧ ለክትሩ የሰጠው መሆን አለበት። ጌታው ጎድጓዳውን አየው፤ መዳፉን አሳረፈበት። አውሬ እህል አይፈጭም። ይህን ለማወቅ ጸሐፊ አያስፈልግም።

ወፍጮውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ያዘዋውር ጀመር። ድንጋይ ታቅፎ የማያውቅ ሰው ነው። አጠገቡ ያለችው አሮጊት አየችውና «ጭንህ ላይ አሳርፈው እንጂ ልጄ። እንደ ሕፃን ነው የሚያዘው» አለችው።

ጸሐፊው ትንፋሹን ዋጠ። ጌታን አንተ፣ ጌታን ልጄ! አሮጊቷ ግን አስባ አልተናገረችውም፤ ሲጨነቅ አየችው፣ አፏ ላይ የመጣውን አለች። ጌታው ወንበሩን ተወና ሣሩ ላይ፣ ከእሷ ጎን ቁጭ አለ፤ ወፍጮውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። በዚያ አገር ተወልዶ እስኪያድግ ከእናቱ በቀር ማንም ልጄ ብሎት አያውቅም ነበር።

«የአባቴ ድንጋይ የትኛው ነው?» አለ ጌታው።

ግንበኛው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መለሰ። «የአባትዎ የለም ጌታዬ። እሳቸውም አልጠየቁ፣ እኛም ፈርተን አላልናቸው።»

በምሥራቅ በኩል ደመና ብቅ ብሎ ነበር። ሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሰማዩን፣ ከዚያ የተከፈተውን ግንብ፣ ከዚያ ጌታውን አየ። ጌታው ተነሣ፣ ወፍጮውን ታቅፎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ ተንበርክኮ በእጁ ለግንበኛው አቀበለው።

«መልሳቸው» አለ። «ሁሉንም እንደነበሩ መልሳቸው። ፍጠን!»

አቤት ያን ጊዜ! ሕዝቡ ተሰለፈ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ግንበኛው ይቀበላል፣ ያገጣጥማል፣ በመዶሻው መታ ያደርጋል፤ ሴቶቹ መረሬ ያቦካሉ፣ ወታደሮቹ ጭቃ ይሸከማሉ፣ ጸሐፊው ሳይቀር ካባውን አውልቆ ውሃ ያመላልሳል። ደመናው ያን ቀን አልዘነበም፣ አልፎ ሄደ። ፀሐይ ሳትገባ የመጨረሻው ድንጋይ ቦታው ገባ።

ከላይ ደግሞ ለአዲስ ረድፍ የሚሆን ቦታ ነበረ። ጌታው ነጩን ድንጋይ አየው። ረጅም ነው፤ በአንድ ቤት ቦታ ላይ አይገባም። «ለሁለት ክፈለው» አለ ግንበኛውን። «ግማሹ የአባቴ፣ ግማሹ የእኔ።» ጸሐፊው ውይ አለ፣ ስንት ቀን የደከመበት ጽሑፍ ነበር። ግንበኛው በሦስት ምት ከፈለው፤ ፊደሉም መሐል ለመሐል ተሰነጠቀ። አባትየው በሌለበት ማን ያስቀምጥለት ሲባል አሮጊቷ «አምጡት፣ እኔ ከልጁ ጋር እይዘዋለሁ» አለች። ሁለቱ ይዘው አስቀመጡት። ከዚያ ጌታው የራሱን በአባቱ ላይ አደረገ።

በሁለተኛው ሳምንት ዝናቡ ገባ። ጎርፉ መጣ፣ ደለሉን ይዞ፣ ግንዱን ይዞ፣ እየጮኸ። ክትሩ ቆመ። ውሃው የአያቶቹን ረድፍ አለፈ፣ የአባቶቹን አለፈ፣ የነጩ ድንጋይ ግማሽ ላይ ደርሶ እዚያ ላይ ተኛ። ሌሎቹም ቤቶች ጌታው ካደረገ እኛስ ብለው ከላይ ጨምረው ስለነበር ግንቡ በሙሉ አንድ ክንድ አድጓል። በዚያ ዓመት ውሃው በቦዩ ሄዶ ሄዶ ደርሶት ወደማያውቀው የአሮጊቷ ማሳ ገባ። አሮጊቷ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው መሐል ቆማ ስታለቅስ ጎረቤት አይቷታል። ግንበኛውም ከአገሩ አልወጣም። ሠርግ ላይ ግን ወሬውን ለወጠ። «እኔ እኮ ሰባት ነኝ» ይል ጀመር። «ከእኔ በታች ያሉትን ብታዩ!» ሚስቱ ይህንንም ሰምታ ሰምታ ኋላ ላይ ሰለቻት።

ይኸው ነው። አሁን እጅሽን ማውጣት ትችያለሽ።

ስመኝ፣ ክትሩ አገር ነው። ጌታው ኋላ የመጣው ሥርወ መንግሥት ነው፤ ነጩ ድንጋይ ደግሞ የያዝሽው መጽሐፍ ነው። ነገሥታቱን ማሳነስ ይሆንብኛል አልሽኝ። ጌታው ያነሰው መቼ ነው? ከታች ልግባ ሲል አገሩን ውሃ ሊያሳጣው ነበር፤ ከላይ ሲቀመጥ ውሃውን ከፍ ያደረገው እሱ ነው። አክሱምን ውደጂያት፣ አስተምሪያት፣ ከፍ ያደረገችውን ውሃ አሳዪአቸው። ግን አክሱም ሳትገን በፊት የሃ ላይ ያለ ጭቃ የቆመውን የድንጋይ ቤተ መቅደስ፣ ደዓማት የሚባል መንግሥት እንደነበረ፣ ዓባይ ዳር ደግሞ የናፓታ ነገሥታት ሳይነሡ ከርማ የምትባል ከተማ እንደነበረች ንገሪያቸው። እነሱም ስማቸውን ከማናውቅ፣ ወፍጯቸውን ብቻ ካገኘንላቸው ሰዎች ላይ ነው የተቀመጡት። ሲያርሱ የኖሩ፣ ሲገነቡ የኖሩ ናቸው። ወራሽ ስለሌላቸው ማን ይታቀፋቸው? ያነሣቸው ሰው ነው የሚታቀፋቸው። ጥያቄውን ያነሣሽው አንቺ ነሽ።

ግንበኛውንም እንዳትረሺው። ልጆችሽ መሐል «የእኛ ቤት ነው የጀመረው» የሚል አይጠፋም፤ ከዚህ ወገንም ይኖራል፣ ከዚያ ወገንም ይኖራል። አትቆጪው፣ እኔም በጊዜዬ ብዬዋለሁ። እጁን ይዘሽ ወደ ታች አውርጂው። ድንጋይ ይዳስስ፣ ከዚያ በታች ይዳስስ፣ እጁ አልደርስ እስኪለው ድረስ ይሂድ። እዚያ ላይ ሲደርስ አንቺም የማታውቂው ይሆናል። እንግዲህ እንደ ግንበኛው ወንድ ሁኚና «ይህ የእኔ ቤት አይደለም፤ ከዚህ በታችም ግን አለ» በያቸው።

ትምህርቱን ከየት ልጀምር ብለሽኛል። ከዚያ ጀምሪ።